ከደብረ ማርቆስ ወደ አራት ኪሎ፦ የጎጃም ሹም በየትኛው በር አለፈ?

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተጓዡ የሚያስታውሰው ግን ርቀቱን ሳይሆን ቁልቁለቱን ነው። ደጀን ላይ ደጋው በድንገት ያልቅና አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፤ ጠዋት ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው ሁሉ ገልጦ ማራገብ ይጀምራል፤ የፍሬን ሽታ በመስኮት ይገባል። ድልድዩን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ ያቃስታል። ወደ ላይ ለመውጣት መጀመሪያ መውረድ ግድ ነው። ይህን መንገድ በሾፌርም፣ በበቅሎም፣ በሰንሰለትም የተሻገሩ የጎጃም ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የአገር ሹም ለመሆን የበቁት በምን በር አለፉ? ማንስ ላካቸው?

ቡና ላይ ጥያቄው ሲነሣ መልሱ አያስቸግርም። አንዱ “ዘመድ ስላለው” ይላል፣ ሌላው “ቅኔ ስለሚያውቅ”፣ ሦስተኛው “ፓርቲው ስለወደደው”። ሦስቱም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል። ያለፈውን 140 ዓመት አብሬ ሳየው ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። ከጎጃም የወጣው ሹም በአብዛኛው ከላይ የተሳበ እንጂ ከታች የተገፋ አይደለም። አንዳንዴም የሚሳበው እንዲያድግ ሳይሆን ከመሬቱ እንዲነቀል ነው።

የመጀመሪያው በር የዘውድ ቤት ነው፤ ነገሩም ከአንድ ዘውድ ይጀምራል። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ “ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወካፋ” ተብለው ዘውድ ጫኑ። መንቆረር ይባል የነበረው ከተማቸውም በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ዘውዱ የአካባቢውን ገዥ የአገር ሰው ያደርጋል፤ ካፋ የሚለው ቃል ግን ዐይንን ወደ ደቡብ ይጠራል። በደቡብ በኩል ደግሞ የሸዋው ምኒልክ ነበሩ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተጋጠሙ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተሸንፈው ተማረኩ። ዐፄ ዮሐንስ አስፈትተው ወደ ጎጃም መለሷቸው። ከዚያ በኋላ ተክለ ሃይማኖት ከመሐዲስቶች ጋር ተዋጉ፣ ዓድዋም ዘመቱ፤ በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። ከአልጋቸው ሆነው ወደ መሐል አገር ለመዘርጋት የሞከሩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ምርኮ ሆነ።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ ሌላ መንገድ ሞከሩ፦ ጋብቻና ገንዘብ። የራስ ኃይሉ ልጅ ሰብለ ወንጌል የምኒልክ ወራሽ የልጅ ኢያሱ ሚስት ሆነች። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ ራስ ኃይሉም አብረው ሄዱ። ሲመለሱ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ቤትና ታክሲ ከነበራቸው ባለሀብቶች አንዱ ሆኑ። የጎጃም ገበሬ ለግብር ከጓዳው ያወጣው ብር በዋና ከተማው ጎማ ላይ ይሽከረከር ነበር ማለት ነው። አባባሉ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ይላል፤ ራስ ኃይሉ በዚህ በኩል የሚቆጫቸው ነገር አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. ከአልጋ የወረዱት ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ሲያመልጡ እጃቸው አለበት ተብለው ተያዙ። ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው፤ ሀብታቸው ተወረሰ። ጣልያን ሲገባ ለጠላት አደሩ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ፣ የቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ እጅ ነሥተው የተቀበሉትም እሳቸው ናቸው። የአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ሹም ሽር ይይዛል!

የጎጃም ሹመት በእውነት የተለወጠው በዚያው በ1924 ዓ.ም. ነው። በራስ ኃይሉ ቦታ የተላኩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድና አብሮ አደግ ነበሩ፤ ጎጃሜ አልነበሩም። ደግ ገዥ እንደነበሩ ብዙዎች ይመሰክራሉ፤ እኔም አልከራከርም። ልማዱ ግን ተጀመረ። ከድል በኋላ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ራስ ኃይሉ በለው ለጥቂት ዓመት ጎጃምን ከገዙ በኋላ እንደራሴነቱ እንደ ደጃዝማች ከበደ ተሰማና ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላሉ ከማዕከሉ ለሚላኩ ሰዎች ሆነ። ደርግም ልማዱን አልሻረውም፤ አከበደው እንጂ። በጎጃም የደርግ ቋሚ ተጠሪ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በ1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞችን አስገድሏል ተብሎ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። አዲስ አበባ ሰው ወደ ጎጃም ይልካል፤ ጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚልክበት በር ግን ጠባብ ነበር።

ለመሆኑ ታችኛው እርከን ምን ይመስል ነበር? በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት የተቀመጠው አሜሪካዊው የሰው ልጅ ጥናት ምሁር አለን ሆበን በደንብ አይቶታል። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር አንድ ገበሬ በብዙ አቅጣጫ “የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ይድረሰኝ” ማለት ይችላል። የሚደርሰው ግን ሙግት ለሚያውቅ፣ አፍ ላለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለተሾመ ነው። ጭቃ ሹም የሆነ ሰው ርስቱ ይሰፋል፤ ርስቱ የሰፋ ሰው ለቀጣዩ ሹመት ይታጫል። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ፖለቲካ የማያውቅ ባላገር ነበር የሚለው ወሬ ከንቱ ነው። የቀበሌው ፖለቲካ ከፓርላማው ይልቅ የተሳለ ነበር። ችግሩ ይህ ሁሉ ብልሃት አውራጃ ላይ ሲደርስ መቆሙ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስኬደው ሙግት ሳይሆን ደጅ ጥናት ነው። ደጅ የሚጠናውም ደብረ ማርቆስ አይደለም።

ገዥነትን ሳይነካ ወደ ላይ የሚያስወጣ ሁለተኛ፣ የቆየ በር ግን ነበር፤ የቅኔ ቤቱ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ የለመነ ልጅ ከቤቱ መራቅን ገና በዐሥር ዓመቱ ይማራል። ተማሪ አገር የለውም ይባላል፤ ከየኔታ ወደ የኔታ መዞር ነው ሥራው። ለማዕከላዊ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ምልምል ከየት ይመጣል? ቋንቋ ያውቃል፣ ይታዘዛል፣ ከኋላው ጦር የለውም። ከደብረ ኤልያስ የወጡት አቡነ ቴዎፍሎስ በ1963 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆኑ፤ ደርግ አወረዳቸው፣ በ1971 ዓ.ም.ም ገደላቸው። የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በብዕርና በቋንቋ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት እስከ ሮም ዲፕሎማትነት ሄደው በመጨረሻ ለጣልያን አድረው ስማቸውን አበላሹ።

የዚህ በር ምሳሌ ግን ያለ ጥርጥር ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ዛሬ ስማቸው ሲነሣ “ፍቅር እስከ መቃብር” ይቀድማል፤ ሹሙ ሐዲስ ከደራሲው ሐዲስ ጥላ ሥር ተረስቷል። ስለዚህ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ አባታቸው ቄስ ነበሩ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አለፉ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርደው፣ ወይም ወጥተው፣ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ቀመሱ፤ ጎጃም ውስጥም አስተምረዋል። ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. ሲመጣ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ሕይወታቸውን የወሰነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ገዥው ከላይ የተላከ ሰው ነው፤ ወጣቱ መምህር ከታች የወጣ ነው። ሁለቱን ያገናኘው ሽንፈት ነበር። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. ሲማረኩ ሐዲስም አብረው ተይዘው ወደ ጣልያን ተጋዙ፤ ወደ ሰባት ዓመት በሚጠጋ ግዞት ከፖንዛ እስከ ሊፓሪ ደሴት ተንገላቱ።

ሲመለሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰው ሆኑ። ኢየሩሳሌም ቆንስል፣ ዋሽንግተን፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ የትምህርት ሚኒስትርነት፣ ለንደን አምባሳደርነት፣ የፕላንና ልማት ሚኒስትርነት፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት። ዝርዝሩን ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ ጎጃም የለችበትም። ይህን ሁሉ ሹመት ሲቀበሉ የተወለዱበትን ጠቅላይ ግዛት እንዲያስተዳድሩ የተላኩበት ጊዜ የለም። ጎጃምን ያስተዳደሩት በብዕር ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ልብ ወለዳቸው ማንኩሳንና ዲማን ለመላው አገር ያስተዋወቀው ደራሲው ከአካባቢው ርቀው የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ከውስጥ ካዩ በኋላ ነው። ፊታውራሪ መሸሻን እንዲያ አድርጎ ለመሣል የባላባቱንም የሚኒስትሩንም ደጅ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ “ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?” የሚል መጽሐፍ አወጡ። የሠላሳ ዓመት ሹም እንዲህ ብሎ መጠየቁ ለእኔ ከሹመቶቹ ሁሉ ይበልጣል። በኅዳር 1996 ዓ.ም. አረፉ።

ሦስተኛው በር የአርበኝነት ነው፤ ከታች የተገፋ ሰው አራት ኪሎ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመውም ያሳያል። አባ ኮስትር በላይ ዘለቀን ማንም አልሾመውም፤ ቢቸናን ከጠላት ያስጠበቀው በራሱ ጉልበት ነው። ለተከታዮቹ ከፊታውራሪ እስከ ራስ ማዕረግ ሲያድል “ለራስህስ?” ቢባል “እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ይበቃል” ማለቱ እስከ ዛሬ ይተረካል። ቀልድ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ትልቅ ጥያቄ አለ። ማዕረግ ከማን ይመጣል? ንጉሠ ነገሥቱ ደጃዝማችነት ሰጡት፤ ያ ማለት ካሁን በኋላ ማዕረግ የሚመጣው ከእኔ ነው ማለት ነበር። ነገሩ አልተስማማም። ታሰረ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. ከራስ ኃይሉ ልጅ ከደጃዝማች ማሞ ኃይሉ ጋር አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። አርበኛውና የባንዳው ልጅ በአንድ ግንድ! የሚያመሳስላቸው ሁለቱም በጎጃም ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች መሆናቸው ብቻ ነው።

ደጃዝማች፣ በኋላ ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ሌላ ዕጣ ደረሳቸው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅና ስም ያወጡ አርበኛ ነበሩ። ከድል በኋላ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ተደረጉ። ከዚህ በላይ የአገር ሹመት ለጎጃም ሰው ምን ይመጣል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሰውየውን ከአርበኞቻቸው ለይቶ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሽልማት ነበር ወይስ ቁም እስር? በ1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ በማሴር ተይዘው ታሰሩ። እሳቸው ራሳቸው ለጥያቄው የሰጡት መልስ ይህ ይመስለኛል። ወደ ላይ አውጥቶ ማራቅ የኢትዮጵያ መንግሥት አሮጌ ጥበብ ነው፤ በጣም የሠራውም በጎጃም ላይ ነው።

አራተኛው በር ምርጫ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በየአራት ዓመቱ ይመርጥ ነበር። 200,000 ያህል ሕዝብ ላለው የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይደርሰዋል። ፓርቲ የለም፤ ንብረት የሌለው አይወዳደርም። ምክር ቤቱ ጥርስ የለውም እየተባለ ይናቃል፤ እኔም አልፎ አልፎ እንደዚያ እላለሁ። ይሁንና በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ የጸደቀው በዚያ ቤት ነው። ጎጃም “ቀላድ መጣ፣ ርስታችን ሊለካ ነው” ብሎ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ተነሣ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። መጨረሻው ግን የሚገርም ነው፦ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይተከል ቀረ። ገበሬው ሹም መላክ ባይችል ሹም ማስነሣት ችሏል። በድምፅ መስጫ ወረቀት ያላገኘውን በጠመንጃ አገኘው ማለት ልብ የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ ግን የሆነው እሱ ነው።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ በወረቀት ላይ መሰላሉ ሙሉ ነው፦ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ባሕር ዳር፣ አራት ኪሎ። የሚላከው እንደራሴም ቀረ፤ አስተዳዳሪው የአገሩ ልጅ ነው። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ግን ቋንቋውን ስሙ። የሹመት ዜና ሲነበብ “ተመደበ”፣ “ተሾመ”፣ “ተነሣ”፣ “በሌላ ኃላፊነት እንዲሠራ ተወሰነ” ይባላል። “ተወዳደረና አሸነፈ” የሚል ስንቴ ሰምታችኋል? ታችኛው ካድሬ ወደ ላይ የሚወጣው በግምገማ ነው። አዳራሹ ውስጥ ደብተር ተዘርግቶ፣ ግለ ሂስ እየተባለ፣ አንዱ የሌላውን “ድክመት” በቁጥር እየዘረዘረ ሲያመሽ አይቻለሁ። እዚያ ውስጥ መራጩ ገበሬ በ“ሕዝቡ እንዲህ ይላል” ብቻ ይጠቀሳል፤ ወንበር የለውም።

አቶ ደመቀ መኰንን የዚህ ዘመን ዋና ምሳሌ ናቸው። ከጎጃም የወጡ፣ በመምህርነት የጀመሩ፣ በአማራ ክልል አስተዳደር የሠሩ፣ የክልሉ ገዥ ፓርቲ የነበረው የብአዴን ሊቀ መንበር የሆኑ ሰው ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር፣ በኅዳር 2005 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሥር ከ11 ዓመት በላይ ቆዩ። ትምህርት ሚኒስቴር ላይ ከሐዲስ ዓለማየሁ ጋር መገናኘታቸው አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ መምህርነት ዛሬም የጎጃም ልጅ ዋና መውጫ ነው፤ የቅኔ ቤቱ በር ቀለም ተቀብቶ ማለት ነው።

የክልሉን ርዕሰ መስተዳድሮች በሰልፍ ብናያቸው ደግሞ ወንበሩ ምን እንደሆነ ይገባናል። አቶ አያሌው ጎበዜ በ2006 ዓ.ም. ተነሥተው በቱርክ አምባሳደር ሆኑ። አቶ ገዱ አንዳርጋቸው በ2011 ዓ.ም. ከክልሉ ተነሥተው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ተደረጉ። ዶክተር አምባቸው መኰንን በሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። አቶ ተመስገን ጥሩነህ ተተክተው አንድ ዓመት ከጥቂት ወር እንደቆዩ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የመረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. የአቶ ደመቀን ቦታ ያዙ። በክልሉ አቶ ተመስገንን የተኩት አቶ አገኘሁ ተሻገርም ዓመት ሳይሞላቸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። በዚያ የጥቅምት ቀን አቶ ደመቀ ወደ ውጭ ጉዳይ፣ አቶ ገዱ ወደ አማካሪነት፣ አቶ ተመስገን ወደ ደኅንነት በአንድ መግለጫ ተዘዋውረዋል። ክልሉ የሚኖሩበት ቤት ሳይሆን የሚያልፉበት ደጀሰላም ሆኗል።

ሌላው ዓለምም ከክፍለ አገር ወደ መሐል ሰው ያወጣል፤ አወጣጡ ግን ለየቅል ነው። የሕንዱ ናሬንድራ ሞዲ ከ12 ዓመት በላይ ጉጅራትን መርተው፣ እዚያው ደጋግመው ተመርጠው፣ ያንን ይዘው ዴልሂ ገቡ። የቻይናው ሺ ጂንፒንግ ፉጂያንንና ዤጂያንግን ያስተዳደሩት ፓርቲው መድቧቸው ነው፤ ያሳደጋቸውም ፓርቲው ነው። የእኛ ወረቀት ወደ ሕንድ ያጋደለ ነው፤ ልማዳችን ወደ ቻይና። ቻይና ግን ሰውየውን ክፍለ አገር ላይ ዓመታት አቆይታ ትፈትነዋለች፤ እኛ ያንንም አልወሰድን።

ከሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወዲህ ጎጃም ጦርነት ውስጥ ናት። በወረዳ ደረጃ የመንግሥት ሹም መሆን ራሱ ለሕይወት ያሰጋል። የመሰላሉ ታችኛው እርከን ሲሰበር ከላይ የቀረው ምን ላይ ይቆማል? በዚያው ጊዜ በ2013 ምርጫ በተቃዋሚው በአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) በኩል ፓርላማ የገቡት አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ። በጉዳያቸው ላይ ፍርድ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በተቃዋሚ ፓርቲ ምርጫ አራት ኪሎ የገባ ሰው ብርቅ በሆነበት ክልል ይህ ሳይጠቀስ አይታለፍም።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ስለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ስለ በላይ፣ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ተጽፏል፤ ስማቸው በትምህርት ቤትና በአደባባይ አለ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከዳሞት፣ ከአገው ምድር ተመርጠው ፓርላማ የገቡት ሰዎችስ? በጎጃም ታሪክ ውስጥ ጎረቤቱ ድምፅ ሰጥቶ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው፤ ስማቸውን ግን ማን ይቆጥራል? አያታችሁ ወይም አባታችሁ ከእነሱ አንዱ ከነበረ፣ ሣጥኑ ውስጥ የምርጫ ካርድ፣ የመራጮች ደብዳቤ፣ አዲስ አበባ የተነሣው ፎቶ ካለ፣ ለእሳት ወይም ለምስጥ አትተዉት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ወመዘክርም አዲስ አበባ አለ። ወስዳችሁ አስመዝግቡ።